የእንስላልና የአኒስ ፍሬ፦ ሽታውን ሳናባክን እንዴት እንጠቀምበት?

ባሕር ዳር ቅመም ተራ ገብታችሁ «አኒስ አለ?» ብትሉ፣ አንዷ ነጭ አዝሙድ ትዘግንላችኋለች፣ ሌላዋ እንስላል ታሸታችኋለች፣ ሦስተኛዋ ደግሞ «እሱ ምንድን ነው?» ትላለች። አልፈርድባቸውም። አኒስ የምሥራቅ ሜዲትራንያንና የምዕራብ እስያ ተክል ነው። እኛ ዘንድ ከሁሉም በላይ የሚያውቁት ቤሩትና ዓረብ ሀገር ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን ናቸው፤ «ያንሱን» ይሉታል፣ በሻንጣቸው ይዘውት የሚመጡም አሉ።

የእኛው እንስላል የአኒስ የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱም ከድንብላል፣ ከከሙንና ከካሮት ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ሲሆኑ፣ ያን ጣፋጭ ሽታ የሚሰጣቸው አኔቶል የሚባል ንጥረ ነገር ነው። የስሙ መደባለቅም ዛሬ የመጣ አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል 23፥23 ፈሪሳውያን አሥራት ከሚያወጡባቸው ቅመሞች አንዱን የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «እንስላል» ሲለው፣ የ1611ዱ የእንግሊዝኛ ትርጉም «አኒስ» ብሎታል። የግሪኩ ቃል የሚያመለክተው እኛ ዛሬም ከእንስላል የማንለየውን ቅጠለ ቀጭን ዘመዱን ስለሆነ፣ የኛዎቹ የቀረቡ ይመስለኛል።

ከዚህ በታች ስለ እንስላል አጠቃቀም የምለው ሁሉ ለአኒስም ይሠራል። አኒሱ ጣፈጥ ይላል፣ እንስላሉ ከኋላ ትንሽ መረር ይላል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ፍሬውን መለየት

ሁለት ሦስት ፍሬ በጣታችሁ ጨፍልቁና አሽትቱ። ጦስኝ ጦስኝ ካለ ነጭ አዝሙድ ነው፤ ሽታቸው የሚመሳሰለው ሁለቱም ቲሞል የሚባል ነገር ስላላቸው ነው። ወጥ ወጥ ካለ ከሙን ነው። እንስላልና አኒስ ግን ገና ከአፍንጫ ይጣፍጣሉ፣ ሲያኝኳቸውም ምላስ ላይ ስኳር የነኩ ያስመስላሉ። የእንስላል ፍሬ ረዘም ያለ፣ መስመር መስመር ያለበት፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። የአኒሱ ያንሳል፤ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግራጫ መሳይ ሆኖ ብዙ ጊዜ ቀጭን ጭራ ይዞ ይቀራል።

ሱፐርማርኬት ውስጥ «ኮከብ አኒስ» ተብሎ የሚሸጠው የቻይናና የቬትናም ዛፍ ፍሬ ነው፤ ሽታው እንጂ ዘሩ አይገናኝም። መርዛማ የሆነ የጃፓን ዘመድ ስላለው ሳይታሸግ ተዘርግፎ የሚሸጠውን ለሻይ አልገዛም።

ከሜዳ የምትለቅሙ ከሆነ ደግሞ ልብ በሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ሶቅራጥስ የተገደለበት መርዝ የዚሁ ቤተሰብ ተክል ነው፤ እርጥበት ባለበት ቦታ ይበቅላል፣ ቅጠሉና ጃንጥላ መሳይ አበባው ከሩቅ ያሳስታል። ግንዱ ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለው፣ አበባው ነጭ ነው፣ ሲጨፈለቅ የአይጥ ሽታ ይሸታል። የእንስላል አበባ ቢጫ ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ተዉት፤ ገበያው ቅርብ ነው።

ማድረቅና ማስቀመጥ

የጓሯችሁን እንስላል፣ ፍሬው ከአረንጓዴነት ወደ ግራጫ ማድላት ሲጀምር፣ ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ ከነአገዳው ቁረጡት። ረፋድ ላይ ከቆረጣችሁት ፍሬው መሬት ይረግፋል። አገዳውን ቁልቁል ዘቅዝቃችሁ፣ ጭንቅላቱን በወረቀት ከረጢት አልብሳችሁ ጥላ ውስጥ ስቀሉ። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ፀሐይ የሚወስደው ውሃውን ብቻ አይደለም። ሲደርቅ በእጅ ማሸት፣ በሰፌድ ማንገዋለል፣ ክዳኑ የሚገጥም ጠርሙስ ውስጥ ሳይፈጭ ማስቀመጥ ነው። ክረምት ላይ የጣና ዳር አየር እርጥብ ስለሆነ፣ ፌስታል ውስጥ የተቋጠረ ቅመም ሳይቆይ ይሻግታል።

ሻዩ

የመጀመሪያውን የእንስላል ሻይ ያፈላሁት እንደ ቡና ነበር። ከሰል ላይ ጥጄ ግማሽ ሰዓት አንተከተክሁት። ጎረቤቴ በአጥር በኩል «ዛሬ ደግሞ ምን እየጠመቃችሁ ነው?» እስኪሉ ድረስ ግቢው በሽታው ታወደ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ግን ውሃ ውሃ ይል ነበር። የሚፈለገው ነገር ሁሉ ወደ ጎረቤት ሄዷል። አኔቶል ከእንፋሎት ጋር ተያይዞ የሚወጣ ዘይት ስለሆነ፣ ቤቱን ባሸተተ ቁጥር ከብርጭቆው ይጎድላል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ለአንድ ብርጭቆ (ሩብ ሊትር ገደማ) አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ፍሬ ይበቃል፤ 2 ግራም አካባቢ ነው። ውሃው ሊፈላ ሲል ፍሬውን በሙቀጫ አንድ ሁለቴ ብቻ ጠቅ ጠቅ አድርጉት። ይሰንጠቅ እንጂ አይድቀቅ፤ ዱቄት ከሆነ ሻዩ ይደፈርሳል። የተሰነጠቀውን ብርጭቆ ወይም ክዳን ያለው የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጨምሩ፣ የፈላውን ውሃ አፍስሱበት፣ ወዲያው ክደኑት።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቆላ ላይ 10 ደቂቃ የሚበቃው እኛ ጋ 15 ደቂቃ ቢቆይ አይከፋም። ክዳኑን ስታነሡ ከውስጡ የሚንጠባጠበውን ወደ ብርጭቆው መልሱት፤ ሽታው እዚያም አለ። ከዚያ በሻይ ማጥለያ ማጥለል ነው። ስኳር አያስፈልገውም፤ ማር የሚወድ ግን አይከለከልም።

በጀበና አታፍሉት። የሸክላው ገላ ሽታውን ይጠጣና ለሳምንት የዘጌ ቡናችሁን እንስላል እንስላል ያሰኘዋል። ከባለቡናዋ ጋር የሚያጣላ ነገር ነው።

ሻዩ በብዙ አገር የሚታወቀው ሆድ ሲነፋና ሲቆርጥ ነው። ሽሮና ባቄላ የሚደጋገምበት የጾም ሰሞን ከምሳ በኋላ አንድ ብርጭቆ ይዤ እቀመጣለሁ፣ ሆዴም ቀለል ይለኛል። ለሳልም አክታ ያለዝባል ተብሎ ይጠጣል። አራስ ሴት ወተቷ እንዲወርድ ትጠጣው የሚለው ምክርም ከግብፅ እስከ እኛ መንደር የተለመደ ነው፤ በዚህኛው ግን ከእናቶቻችን ጋር አልስማማም። ፍሬው ውስጥ ኤስትራጎል የሚባል፣ በብዛት ሲወሰድ ለጉበት የሚያሠጋ ነገር አለ። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናትና ለሕፃናት ባይሰጥ ይሻላል። ለድንብላል ወይም ለካሮት አለርጂ ያለበትም ይራቀው። ቁርጠቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ትኩሳትና ደም ካለው፣ ጉዳዩ የጤና ጣቢያ እንጂ የሻይ አይደለም።

ድፎ ዳቦ

ጥቁር አዝሙዱን ማንም ያውቀዋል። ለአንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት አንድ የሾርባ ማንኪያ ሰንጠቅ ሰንጠቅ ያለ እንስላል ከሱ ጋር ብትቀላቅሉ፣ ወይም ለብቻው ብታደርጉት፣ ሌላ ዳቦ ይሆናል። ሮማውያን ከትልቅ ግብዣ በኋላ አኒስና ከሙን ያለበት ቂጣ ይበሉ ነበር፣ ምግቡ እንዲፈጭላቸው። ፍሬው የሚገባው ሊጥ ሲቦካ ሳይሆን መጨረሻ ላይ፣ ኮባው ላይ ከመገልበጡ በፊት ስታሹት ነው። ኮባ ከሌለ የሙዝ ቅጠል አለ፤ ሽታውን እንደ ክዳን አፍኖ የሚይዘው ቅጠሉ ነው።

አረቄ

በሻዩ ያመለጠን እንፋሎት አረቄ አውጪዎቹ ሲይዙት ኖረዋል። ድፍድፉ ላይ እንስላል የሚጨምሩ አሉ፤ ዘይቱ ከአልኮሉ ጋር ተንኖ፣ ቀዝቅዞ፣ አብሮ ይንጠባጠባል። ቤት ውስጥ ማውጣት አያስፈልጋችሁም። ከምታውቁት ሰው የተገዛ ግማሽ ሊትር የዳጉሳ አረቄ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተሰነጠቀ ፍሬ ጨምራችሁ ሳምንት አቆዩና አጥልሉት። ከማይታወቅ ቤት የመጣ አረቄ ግን ሜታኖል ሊኖርበት ስለሚችልና ዓይን ስለሚያጠፋ አይነካ። መድረሱን ለማየት ትንሽ ቀድታችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አድርጉበት፦ እንደ ወተት ከነጣ ሽታው ገብቷል። አኔቶል በአልኮል ይሟሟል፣ በውሃ አይሟሟም፤ ቡና ቤት ኡዞ ላይ ውሃ ሲጨመር የሚነጣውም ለዚሁ ነው።

ዓሣ

በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ልተወው። በፍስክ ቀን ግን የቀረሶ ሾርባ ስትሠሩ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን እንደ ልማዳችሁ አብስሉ፣ ዓሣውን ጨምሩ፣ ሥጋው ከአጥንቱ መላቀቅ ሲጀምር ድስቱን አውርዱ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተሰነጠቀ እንስላልና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ የሚገባው ያኔ፣ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። ክደኑት፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ክዳኑንም ሰው ሁሉ ማዕድ ከቀረበ በኋላ ክፈቱት።