የፓወር ሰፕላይ ፋን አልነሳ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ፦ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ጥቂት ይሠራል፣ ከዚያ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ፓወሩ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ሣጥን) ከኋላ ሲዳሰስ ያቃጥላል። ፋኑ ወይ ቆሟል፣ ወይ እየተንቀጠቀጠ መነሳት ያቅተዋል።

ብዙ ጥገና ቤት «የፋኑ ኮንትሮል (ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ክፍል) ተቃጥሏል» ብሎ ቦርዱን መነካካት ይጀምራል። አትቸኩሉ። እኔ ጋ ከሚመጡት አብዛኞቹ ኮንትሮላቸው ጤነኛ ነው። የታመመው ፋኑ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሂት ሲንኩ (ሙቀት የሚያስወጣው ብረት) አጠገብ ቴርሚስተር የምትባል ሙቀት የምትለይ ትንሽ ዕቃ አለች። ስትቀዘቅዝ ሬዚስታንሷ ከፍ ይላል፤ ያኔ የፋኑን ቮልት የሚመጥነው ትራንዚስተር ለፋኑ ከ4 እስከ 6 ቮልት ገደማ ብቻ ይለቃል። ስትሞቅ ቮልቱ ወደ 12 ይጠጋል። አሁን ደብረ ማርቆስን ወይም እንጅባራን በጠዋት አስቡ። ቴርሚስተሯ ቀዝቅዛለች፣ ቮልቱ ዝቅ ብሏል፣ የፋኑ ዘይት ደርቆ ወፍሯል። በዚህ ላይ ማርቆስ ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ከባህር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ፋን የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። አንዳንዱ ፋን ሲሞቅ ዘግይቶ ይነሳል። የባሰበት ጨርሶ አይነሳም።

አንድ የማርቆስ ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተሩ ጠዋት ጠዋት እየጠፋ ሲያስቸግር ራም ተቀየረ፣ ዊንዶውስ እንደገና ተጫነ። ባለቤቱ ባሕር ዳር ወስዶ ሲያስነሳው ደግሞ ደህና ሠራ። ባሕር ዳር ሞቃት ነዋ! ደረቅ ፋን ነበር፣ ሌላ ምንም።

ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ነገር። ከሶኬት ብትነቅሉትም በትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ሊቀር ይችላል። በጠመንጃ መፍቻ አጋጭታችሁ አታራግፉት። ቆዩ፣ ከዚያ በሜትር ለክታችሁ ዜሮ መጠጋቱን አረጋግጡ። በመግቢያው በኩል ያለው ሂት ሲንክም ሲሠራ ከረንት ሊይዝ ይችላል። ክፍት ፓወር ሶኬት ላይ ሰክታችሁ አትፈትሹ።

ፋኑን አውጡና በ5 ቮልት የስልክ ቻርጀር ሞክሩት፤ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። በጣት ሳይገፋ፣ ቆሞም ተኝቶም መነሳት አለበት። ገፍታችሁት ብቻ ከዞረ ፍርዱ ተሰጥቷል።

መፍትሄው፦ መሃል ያለውን ስቲከር አንሱ፣ አሮጌውን ቅባት በጥጥ ጥረጉ፣ አንድ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርጉና መልሳችሁ ዝጉ። የኑግ ዘይት ግን በፍጹም! ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል። በኑግ ዘይት የተጣበቀ ፋን ስንቴ አይቻለሁ፣ ይህ ያናድደኛል። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕረሰር ማስነፋትም ሌላው ጥፋት ነው። ክንፉ ከአቅሙ በላይ ሲሽከረከር ቡሹ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ይበላል። ካስነፋችሁ ክንፉን በእንጨት ያዙት።

ቡሹ ከላላ ዘይት ጊዜያዊ ነው፤ ፋኑን ቀይሩት። መጠኑና 12 ቮልቱ ይግጠም፣ አምፔሩ ከአሮጌው አይብለጥ፣ አለበለዚያ ያችን ትራንዚስተር ታቃጥላላችሁ። «ቦል ቤሪንግ» (በኩሽኔታ የሚዞር) የሚል ስቲከር ተለጥፎበት ውስጡ ተራ ቡሽ የሆነ ርካሽ ፋን ገበያውን ሞልቶታል። የነፋሱን አቅጣጫም ከአሮጌው ጋር አመሳስሉ። ከታች ወይም ከላይ ያለው ትልቁ 12 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይነፋል፣ ከኋላ ያለው 8 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ያወጣል።

ፋኑ በ5 ቮልት ጥሩ ከዞረና ፓወሩ ውስጥ ቀርፋፋ ከሆነ፣ ያኔ ቴርሚስተሯን ተመልከቱ። ከሂት ሲንኩ ተነቅላ ተንጠልጥላ ይሆናል፤ ሙቀት በሚችል ማጣበቂያ መልሷት። ከሌላ ነገር ነጥላችሁ ለኩ። ብዙዎቹ በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም ናቸው፤ በጣት ስትያዝ ቁጥሩ መውረድ አለበት። ካልወረደ ቀይሩ። ከብርድ ጀምሮ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት የሚጮህ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሾርት የሆነችው እሷ ናት።

ፋኑን በቀጥታ ከቢጫና ከጥቁር ሽቦ 12 ቮልት ማገናኘት የአደጋ ጊዜ መፍትሄ ነው፤ ይጮሃል፣ አቧራም ይጠጣል።

አንዳንድ ውድ ፓወሮች ሥራ ሲቀንስ ፋኑን ራሳቸው ያቆማሉ፤ ያ ብልሽት አይደለም። ሂት ሲንኩ አጠገብ ያሉ ካፓሲተሮች ካበጡ ግን ፋኑን ተዉት። በርካሽ ፓወር ላይ ካውያ ከማሞቅ ሙሉውን ቀይሩ።