አንጸባራቂ የኮሚክ ሽፋን ላይ ፊርማ እንዲይዝ ያደረግኩት

የኮሚክ መጽሐፋችን ሽፋን የሚያንጸባርቅ ነው። እዚህ ድሬ፣ ከዚራ ላይ ለገዢዎች ስፈርም ችግሩ ቶሎ ታየ። ቀለሙ አይደርቅም። ጣት ሲነካው ይዝረከረካል፤ መጽሐፎቹ ሲደራረቡ ደግሞ የላይኛው ጀርባ ላይ ይታተማል።

ነገሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። የደብተር ወረቀት ቀለም ይመጥጣል። አንጸባራቂ ሽፋን ግን ፊቱ የተደፈነ ስለሆነ የጄል እስክሪብቶ ውሃማ ቀለም እላዩ ላይ ይቀራል። የድሬ ሙቀትም አያድነውም፤ እንዲያውም ያላበው እጅ ያብሰዋል። ተራ እስክሪብቶ ደግሞ ሽፋኑን ያሰረጉደዋል። መጽሐፉን ለሚሰበስብ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳት ነው።

አሁን ሁለት ማርከር እይዛለሁ። ሽፋኑ ነጣ ያለ ከሆነ ጫፉ ቀጭን ጥቁር ፐርማነንት ማርከር። ቀለሙ በአልኮል የተበጠበጠ ስለሆነ አልኮሉ ይተንና ቀለሙ ይይዛል። ጠቆር ያለ ሽፋን ላይ ግን አይታይም። ለዚያ በዘይት የተሠራ ፔይንት ማርከር ነው የሚያዋጣው፤ ብርማው በተለይ በጣም ያምራል!

ፔይንት ማርከር ትዕግሥት ይፈልጋል። ክዳኑን ሳትከፍቱ በደንብ ነቅንቁት። ከዚያ ቀለሙ እስኪወርድ ጫፉን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጫን ጫን አድርጉት። ይህን ሽፋኑ ላይ እንዳታደርጉት፣ ቀለሙ በአንዴ ይፈስሳል። ከፈረማችሁ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ሳትነኩት ይድረቅ፤ ወዲያው ፕላስቲክ ውስጥ አትክተቱት። ለፊርማው ደግሞ የገጸ ባሕሪውን ፊት የማይነካ ባዶ ቦታ፣ ለምሳሌ ሰማዩን፣ ምረጡ።