ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ፦ በውሃና ፍሳሽ ሥራ የማይሰለቹን ስህተቶች

አንድ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ልጎበኝ ሄጄ ነበር። ከተመረቀ ሁለት ዓመት አልሞላውም። በሩ ላይ የተለጠፈው እምነበረድ ያብለጨልጫል። ውስጡ ግን ጭር ብሏል። እንዲህ ዓይነት ጣቢያ ጭር ካለ ጤና የለውም፤ የአየር መንፊያዎቹ ሲሠሩ ሰው ለማናገር መጮህ ያስፈልጋል። ገንዳው ውስጥ ጥቁር ውሃ ተኝቷል። አካባቢው የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ኦፕሬተሩን "ማሽኑ ተበላሽቶ ነው?" አልኩት።

"ኧረ ደህና ነው ጋሼ። እንግዳ ሲመጣ እናስነሳዋለን። የመብራቱ ሂሳብ አልተቻለም" አለኝ።

እኔ ከእንግዳ አልተቆጠርኩም ማለት ነው።

ይሄንን ብዙ ቦታ ስላየሁት ከሱ ልጀምር፦ ማስገንቢያውን ቆጥሮ ማስኬጃውን መርሳት። ቆሻሻውን የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ኮንክሪቱ ቤታቸው ነው። እንደ እኛው ይተነፍሳሉ። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 2 ሚሊግራም ያህል የሟሟ ኦክሲጅን ካላገኙ ሥራቸውን በወጉ አይሠሩም። ያንን አየር ለማቅረብ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በብዙ ጣቢያዎች ከጠቅላላው ፍጆታ ግማሹን ይወስዳል። ሂሳብ ለመቀነስ ተብሎ ማሽኑ ለቀናት ሲጠፋ ባክቴሪያዎቹ ያልቃሉ። መልሳችሁ ብታበሩትም እንደገና እስኪበዙ ሳምንታት ይፈጃል። እንግዳ ሲመጣ ማስነሳት እንግዲህ ቆሻሻ ውሃ ማማሰል ነው።

እና ስብሰባ ላይ ስትቀመጡ እባካችሁ ይሄን ጠይቁ፦ በ6ኛው ዓመት መብራቱን ማን ይከፍላል? መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ዝቃጩስ የት ይደፋል? ሁሉም ጠረጴዛ ጠረጴዛውን ማየት ከጀመረ ዲዛይኑን ቀይሩ። ሰፊ ቦታ ካለ የማረጋጊያ ኩሬ፣ ማለትም ፍሳሹ ተኝቶ ያለ ማሽን የሚጣራበት ኩሬ፣ ሥሩ። ፀሐይና አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር) ኦክሲጅኑን በነፃ ያመርቱላችኋል። ዝቃጩን በየጥቂት ዓመቱ መጥረግ ግን ግድ ነው። ለምረቃ ፎቶ አያምርም፤ ይሠራል ግን። ስንት ገንዘብ ለፎቶ ሲባል እንደጠፋ ሳስበው ያናድደኛል።

ሌላው የሚያፈሰውን መስመር ትቶ አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ነው። ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ሰው ተኝቷል። በዚያ ሰዓት ከማጠራቀሚያው የሚወጣውን ውሃ ለኩ። የምታገኙት ቁጥር አብዛኛው መሬት የሚጠጣው ነው። አንዴ ከአንድ ጀማሪ መሐንዲስ ጋር ባትሪ ይዘን ቆጣሪው ላይ አጎንብሰናል። "ይሄ ነገር ተበላሽቷል መሰለኝ፣ አያርፍም" አለኝ። ቆጣሪው ደህና ነበር። ልጁ እስከዛሬ ሲያስታውሰው ይስቃል፤ አሁን የሚያፈስ ቧንቧ ፍለጋ ከእኔ ይበልጣል። ሌሊት ተጠቃሚ ሲያንስ ግፊት ይጨምራል፤ በስንጥቁ የሚወጣውም እንደዚያው። ግፊት መቀነሻ ቫልቭ ገጥሞ ቧንቧ መጠገን አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ ጉድጓድ ይረክሳል።

ውሃ ስታስገቡ መውጫውን አስቡ። ቤት ከገባ 100 ሊትር ውስጥ ወደ 80 የሚጠጋው ቆሽሾ ይወጣል።

ዋናው የፍሳሽ መስመር መንገዱ ዳር ደርሶ እዚያው ይቀራል። ከመንገዱ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ያለችው አጭር ቧንቧ በማንም በጀት ውስጥ የለችም። ነዋሪው ከኪሱ አውጥቶ እንዲቆፍር ይጠበቃል፤ አይቆፍርም። ቀን ከሌት እንዲሠራ የተገነባው ማጣሪያ ባዶውን ይቀመጣል፤ ፍሳሹ በጎርፍ ቦይ አድርጎ ወንዝ ይገባል።

አሁን የራሴን ልናዘዝ። ወጣት ሳለሁ "ለልጅ ልጅ ይበቃል" ብዬ ከሚያስፈልገው በጣም የሰፋ የፍሳሽ ቧንቧ አስቀበርኩ። የተጠነቀቅኩ መስሎኝ። ፍሳሽ ግን ቆሻሻውን ይዞ እንዲሄድ ቢያንስ በቀን አንዴ በሴኮንድ 0.6 ሜትር ያህል መፍጠን አለበት። በእኔ ቧንቧ ወለል ላይ እንደ ምራቅ ተዘርግቶ ይንፏቀቅ ነበር። አሸዋው ተኛ፣ ቅባቱ ረጋ። ማንሆሉን ከፍተው በዘንግ የሚጎረጉሩት ሠራተኞች ስሜን በምን ሁኔታ እንደሚያነሱት ነግረውኛል፤ እዚህ አይጻፍም።

"ወደ ታች ይሂድ እንጂ" የሚባለው ደግሞ ዕድሜ ጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 ሞቃታማ ወራት የቴምዝ ወንዝ ሽታ የለንደንን ፓርላማ ሊያስዘጋ ደርሶ ነበር። መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት እስከዛሬ የሚያገለግል ግሩም የቦይ መረብ ሠራ። ፍሳሹ ግን ሳይጣራ ከከተማው በታች ወንዙ ላይ ይለቀቅ ነበር። በ1878 ፕሪንሰስ አሊስ የምትባል የመዝናኛ መርከብ ከሌላ መርከብ ተጋጭታ እዚያው አካባቢ ሰጠመች። ፍሳሹ ገና መለቀቁ ነበር። ከ600 በላይ ሰው አለቀ። ጠጣሩን ለይቶ ማስቀረት የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የእናንተ ታች የሌላው ላይ ነው፤ ከታች ያለው ሰው ደግሞ ከዚያው ይቀዳል።

የመጨረሻው የናሙና ነገር ነው። ሰዎች ቀትር ላይ መጥተው ከመልቀቂያው ቱቦ አጠገብ በጠርሙስ ይቀዱና "ወንዙ ደህና ነው" ብለው ይፈርማሉ። ኦክሲጅኑ በጣም የሚወርደው ግን ራቅ ብሎ ታች ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ቆሻሻውን እየበሉ ሲሄዱ። ቀን ላይ አልጌ ኦክሲጅን ይሠራል፤ ሌሊት እሱም ተጠቃሚ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛው ቁጥር የሚገኘው ሊነጋጋ ሲል ነው። ሙት ዓሣ ጠዋት ተንሳፍፎ የሚታየውም ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። በዝናብ ወራት ውሃው ሞልቶ ሳለ አትለኩ፤ ወንዙ ቀጥኖ አጥንቱ ሲወጣ ሂዱ። ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ቦት ጫማ አድርጋችሁ፣ ከመልቀቂያው ወረድ ብላችሁ ቅዱ። መለኪያውን እዚያው ውሃው ውስጥ ንከሩት፤ ጠርሙሱ ቢሮ እስኪደርስ ቁጥሩ ይለወጣል።