ለአሮጌ ሕንፃ አዲስ መብራት፤ መጀመሪያ ግን ጨለማውን እዩት

በኤሌክትሪክ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን አንድ የድንጋይ ግንብ ፊት የሰቀልኩት ፓውዛ ነው። ባበራሁት ምሽት የጠራቢው መሮ በድንጋዩ ላይ የተወው ምልክት ሁሉ ጠፋና ግንቡ ትናንት በሲሚንቶ የተለሰነ መሰለ። ባለቤቱ ጥቂት ዝም ብሎ አየና «ቤቴ የት ሄደ?» አለኝ።

ስለዚህ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት ለሕንፃው ሁለት ምሽት ስጡት። በመጀመሪያው ምሽት ያለውን መብራት ሁሉ አጥፉና ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ያህል ቁሙ። የጣሪያው ጠርዝ፣ የመስኮቶቹ ጥልቀት፣ የበሩ ቅስት ቀስ በቀስ ይወጣሉ። በብርሃን መጉላት ያለበትንና በጥላ መቅረት ያለበትን እዚያው ለዩ። ሁሉንም ማብራት የለባችሁም።

በሁለተኛው ምሽት አምፖል በረጅም ገመድ አያይዛችሁ ለአንድ ሰው አስይዙና እናንተ ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ። መጀመሪያ ፊት ለፊት ያብራ፤ ግድግዳው ጠፍጣፋ ይሆናል። ከዚያ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ በጎን ያብራ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ድንጋይ የራሱን ጥላ ይጥላል። የጎን ብርሃን ግን ምሕረት የለውም፤ በመጥፎ የተጠገነ ልስን ካለ ጉዱን ሁሉ ያወጣዋል። እንዲህ ከሆነ መብራቱን ከግድግዳው ትንሽ አርቁት።

የብርሃኑን ቀለም በተመለከተ ክርክር አልወድም። መለኪያው ኬልቪን ይባላል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላል። የሻማ ብርሃን 1,900 ኬልቪን ገደማ፣ የባለ ክር አምፖል 2,700 አካባቢ ነው። ስለዚህ ኤልኢዲ የሚባለውን ቆጣቢ አምፖል ስትመርጡ ከ2,200 እስከ 2,700 ባለው ውስጥ ቆዩ። ብርሃኑ የዕቃን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካው ሲአርአይም 90 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ዝቅ ካለ ቀይ ጡብና አሮጌ እንጨት አመድ የነካቸው ይመስላሉ። ባለ 60 ዋት የክር አምፖል የሚሰጠውን 800 ሉመን ያህል ብርሃን ኤልኢዲ በ8 ወይም በ9 ዋት ይሰጣል። ዋቱ አነሰ ብላችሁ አምፖል አትደርድሩ።

ያረጀውን ፋኖስ ወይም ተንጠልጣይ መብራት አትጣሉት፤ ውስጡን ብቻ ቀይሩ። ኤሌክትሪኩን ከዋናው አጥፉ፣ መጥፋቱንም በመፈተሻ አረጋግጡ። በጨርቅና በጎማ የተሸፈነ አሮጌ ሽቦ ሲታጠፍ ሽፋኑ የሚረግፍ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ፤ ይህን ለባለሙያ ተዉት። በተዘጋ መስታወት ውስጥ ኤልኢዲ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ቶሎ ይሞታል፤ ለተዘጋ ዕቃ የተሠራውን ፈልጉ። የድሮ ዲመር (ብርሃን ማጉያና ማደብዘዣ) የተሠራው ለባለ ክር አምፖል ስለሆነ ኤልኢዲውን ያርገበግበዋል፤ አብሮ ይቀየር።

ድንጋዩን አትብሱ። ማሰሪያውን በመጋጠሚያው ኖራ ውስጥ ትከሉ፤ ኖራ ይታደሳል፣ የተበሳ ድንጋይ መልሶ አይበቅልም። ብሎኑ የማይዝግ ይሁን፤ ተራ ብረት ሲዝግ ያብጥና ድንጋዩን ይሰነጥቃል። ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ሳይኖር መሰላል አይቁም።

ውስጥ ሥዕል ወይም አሮጌ ጨርቅ ካለ ዕቃው ላይ የሚያርፈው ብርሃን በሉክስ ይለካል፤ ከ50 ሉክስ አይለፍ፤ ሰው በሌለበት ሰዓትም ይጥፋ። የደበዘዘ ቀለም አይመለስም። በፈረንሳይ የላስኮ ዋሻ በ1948 ለጎብኚ ተከፍቶ በ1963 የተዘጋው የጎብኚው ትንፋሽና መብራቱ ጥንታዊ ሥዕሎቹን ስለጎዷቸው ነው፤ ግድግዳው አረንጓዴ አልጌ አብቅሎ ነበር።

ያን ግንብ በኋላ እኔው አስተካከልኩት። ፓውዛውን አውርጄ ከግርጌው ሦስት ትንንሽ መብራቶች አኖርኩ፣ አናቱን ለጨለማ ተውኩት። ባለቤቱ ደስ ብሎታል። ለፓውዛው ማሰሪያ የበሳኋቸውን አራት ቀዳዳዎች ግን የጎን ብርሃኑ በየምሽቱ አንድ በአንድ ያሳያል።