ዶዘሩ ሳይመጣ፦ የቀበሌያችሁን ጥንታዊ ቦታ እንዴት ትመዘግባላችሁ?

በወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የቅርስ ባለሙያ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን የምጽፈው አዲስ ለተመደባችሁ ባለሙያዎች፣ ደግሞም አካባቢያቸውን ለሚወዱ መምህራን ነው።

እስካሁን የሚቆጨኝን ነገር ላስቀድም። ደጋው ላይ፣ ከማሳ መሀል፣ ክብ የድንጋይ ክምር ነበረን። ላላወቀው ገበሬ ለቅሞ የከመረው ድንጋይ ይመስላል። መንዝ ውስጥ እንዲህ ያሉ ክምሮች ተቆፍረው መቃብር ሆነው ተገኝተዋል፤ ተመራማሪዎች «የሻይ ባህል» የሚሉት (ከሚጠጣው ሻይ ጋር አይገናኝም)፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ሕዝብ መቃብር። እኔም ቦታውን በስልኬ ለካሁና የጂፒኤስ ቁጥሩን ብቻ ለመንገድ ቀያሾቹ ሰጠኋቸው። እነሱ ያነጠፉት ካርታ ግን የድሮው 1፡50,000 ነበር። ያ ካርታ የተሠራው «አዲንዳን» በሚባለው መነሻ ልኬት (የቦታ ቁጥር በሚቆጠርበት መሠረት) ነው፤ ስልክ የሚሠራው ግን በሌላ መነሻ ልኬት፣ በደብሊው ጂ ኤስ 84። አንዱን ቁጥር ሁለቱ ላይ ብታስቀምጡት 200 ሜትር ያህል ይራራቃል። ምልክቱ ባዶ ማሳ ላይ ዐረፈ፣ ዶዘሩም የክምሩን አንድ ጎን ይዞት ሄደ። ስደርስ ገሉ ከአፈሩ ጋር ተገልብጦ መንገድ ዳር ተበትኖ ነበር።

ስለዚህ ከቁጥሩ አጠገብ ዞኑን (ካርታ ዓለምን የከፈለበት ቁራጭ ቁጥር፤ ለኛ 37 ነው)፣ መነሻ ልኬቱንና በምን እንደለካችሁ ጻፉ። አንድ ነጥብም አይበቃም። ገሉና ባልጩቱ መሬት ላይ መታየቱን እስኪያቆም ድረስ ዙሩት፣ በየማዕዘኑ ለኩ። መንገድ የሚበላው ዳሩን ነው።

አዋሳኝ መጻፍ እናውቅበታለን፤ ግን «በምሥራቅ የአቶ እገሌ ማሳ» አትበሉ። ማሳ ይወረሳል፣ ይከራያል። ወንዙን፣ ገደሉን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን ያዙ።

ከሁሉ አብልጬ የምለምናችሁ የቦታውን ስም ነው። እረኞችንና ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ እናቶችንም አትርሱ፣ ውኃ መቅጃውን ሁሉ በስሙ ያውቁታል። መልካ ቁንጥሬ ከሚባለው የጥንታዊ ሰው መሣሪያዎች ከተገኙበት ቦታ አጠገብ ባልጩት የሚባል ቦታ አለ። ጥንታዊው ሰው ለመሣሪያ የጠረበው ድንጋይም ያው ባልጩት ነው፤ ስሙ ብቻውን ምን እንደምትፈልጉ ይነግራችኋል። የሚነገረውን ታሪክ ሲሉ እንደሰማችሁት ጻፉት፤ ያያችሁትን ግን ለብቻው። ጢያ ያሉትን 36 ትክል ድንጋዮች ሕዝቡ «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። ድንጋዮቹ ከግራኝ ዘመን የቀደሙ ናቸው፤ ስያሜውም ግን መመዝገብ ያለበት ነው። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ካደባለቃችኋቸው ኋላ የሚለያቸው አይገኝም።

ፎቶ ስታነሡ ሜትር አጠገቡ አስቀምጡ፣ ሰሜን በየት እንደሆነ አመልክቱ፣ የፎቶውን ቁጥር መመዝገቢያ ቅጹ ላይ ጻፉ።

አትቆፍሩ። ገል እንኳ ኪሳችሁ አትክተቱ፤ ከቦታው የተነሣ ገል ከየት እንደመጣ አይናገርም። ያለ ፈቃድ መቆፈር በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ይኸው አዋጅ በግንባታ፣ በመንገድ ወይም በማዕድን ቁፋሮ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣን እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ሳይነካው እንዲጠብቅ ያዛል። ኮንትራክተር ሥራ ሲጀምር ሄዳችሁ ይህን ለፎርማኑና ለዶዘር ሾፌሩ በቃል ንገሯቸው። አፈሩን መጀመሪያ የሚያየው ሾፌሩ ነው። መልካ ቁንጥሬንም እ.ኤ.አ. በ1963 ያገኘው ደከር የሚባል ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ እንጂ አርኪዮሎጂስት አልነበረም፤ በ2024 የዓለም ቅርስ ሆኗል።

ቅጹ ሲያልቅ ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ከቀረ ደክማችሁ ቀራችሁ። አንድ ኮፒ ለመሬት አስተዳደር፣ አንድ ለመንገድ፣ አንድ ለከተማ ፕላን ባለሙያው ስጡ፣ በመሸኛ ደብዳቤ፣ ገቢ ቁጥር ተቀብላችሁ። ጊዜው ወሳኝ ነው፦ የመንገዱ መስመር ሳይወጣ፣ የድንጋይ ካባ ሳይፈቀድ፣ ካሳ ሳይገመት። ካሳ ከተከፈለ በኋላ መስመር የሚያዞር መሐንዲስ አላጋጠመኝም። ከጨረታው በፊት ግን አንድ ጊዜ ጠይቄ 40 ሜትር አዙረውልኛል፣ ያለ ክርክር።

በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ክረምቱ አፈሩን ካጠበው በኋላ፣ ቅጹን ይዛችሁ ተመለሱ። ምንም ካልተለወጠም «አልተለወጠም» ብላችሁ ቀኑን ጽፋችሁ ፈርሙ።