በረዶ ሰባሪ መርከብን በሳፋ ማሳየት፦ ለድሬዳዋ የሳይንስ መምህራን

በአንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም ጨው አሟሙ፤ ሁለት ልክ የሾርባ ማንኪያ ይሆናል፣ የባሕር ውሃም በአማካይ ይህንኑ ያህል ጨዋማ ነው። ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዛችሁ ሳፋ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሙሉ። ጎኑንና ሥሩን በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልሉ፤ አለዚያ ከየአቅጣጫው ይረጋል፤ ባሕር ግን የሚረጋው ከላይ ነው። ሳትከድኑ አመሻሽ ላይ ዲፕ ፍሪዘር ይግባ። ጨው ካበዛችሁ ጭቃ የመሰለ ነገር ነው የምታገኙት።

ጠዋት፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አውጡት። የድሬ ቀትር ፋታ አይሰጥም።

አንዱን ዳር ስበሩና ጣውላ በአግድም ግፉ፤ በረዶው አይበገርም። ማንኪያውን ግን ጀርባውን አጋድማችሁ በበረዶው ላይ አውጡትና ጫን በሉ፤ ቋ! ብሎ ይሰነጠቃል። በረዶ ሲጨመቅ ይጠነክራል፣ ሲጎብጥ ይሰበራል። እ.ኤ.አ. በ1982 ሥራ የጀመረችው የጀርመን የምርምር መርከብ ፖላርሽቴርንም አፍንጫዋ የተጋደመው ለዚህ ነው፤ 1.5 ሜትር ውፍረት ያለውን ሳትቆም ታልፋለች፤ ከዚያ ሲወፍር ወደ ኋላ ተመልሳ ትንደረደርበታለች።

ስባሪውን አለቅልቃችሁ አቅምሷቸው፤ ከሥሩ ካለው ውሃ ይልቅ ጨው ያንሰዋል።