የቂጥኝ ምርመራ ውጤት ሲነበብ የሚሠሩ ስህተቶች

ቂጥኝ በፔኒሲሊን ይድናል። ጭንቀቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከመርፌው በኋላ፣ የላብራቶሪ ወረቀቱ ሲነበብ ነው። "ታክሜ ጨርሼ አሁንም ፖዘቲቭ ነው አሉኝ" ብሎ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። በዚህ የተነሳ ትዳር ይናጋል፤ መርፌም ያለ ምክንያት ይደጋገማል።

ሁለቱን ዓይነት ምርመራ እንደ አንድ ማየት

ጣት ተወግቶ ወዲያው ውጤት የሚሰጠው ፈጣን ምርመራና ቲፒኤችኤ (TPHA) የተባለው የደም ምርመራ ሰውነት የቂጥኝን ጀርም ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ያያሉ። ይህ አንቲቦዲ ከዳኑም በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቆያል። ስለዚህ "ድኛለሁ ወይ?" ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጡም። ለዚያ የሚያገለግሉት ቪዲአርኤል (VDRL) እና አርፒአር (RPR) የተባሉት ሌሎች የደም ምርመራዎች ናቸው። ወደ አረብ አገር ለመሄድ የጤና ምርመራ የሚያደርግ፣ ቀድሞ የታከመ ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው። የሕክምና ማስረጃውን አይጣለው።

ቁጥሩን አለመጠየቅ

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። "ሪአክቲቭ" (ምላሽ አለው) የሚል ቃል ብቻውን ለክትትል አይረባም። ቪዲአርኤል ወይም አርፒአር ሲሠራ ላብራቶሪው ናሙናውን በእጥፍ እያቀጠነ መመርመር ይችላል፦ 1:2፣ 1:4፣ 1:8፣ 1:16፣ 1:32 እያለ። ምላሽ የታየበት የመጨረሻው ቁጥር ታይተር ይባላል። ሕክምናው መሥራቱ የሚታወቀው ታይተሩ ቢያንስ በአራት እጥፍ፣ ማለትም ሁለት ደረጃ ሲወርድ ነው። ከ1:32 ወደ 1:8 ከወረደ ጥሩ ነው። ከ1:16 ወደ 1:8 ግን አንድ ደረጃ ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ልዩነት ምርመራው ሲደገምም ሊመጣ ይችላል። በተቃራኒው ከ1:4 ወደ 1:16 ከወጣ ወይ እንደገና ተይዘዋል፣ ወይ ሕክምናው አልሠራም። ሐኪም ዘንድ መመለስ ያስፈልጋል።

መነሻው ቁጥር ከሌለ ይህ ሁሉ ስሌት አይሠራም። መርፌው በሚሰጥበት ቀን ደም ይስጡ፤ ታይተሩም ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

አንዴ ቪዲአርኤል፣ አንዴ አርፒአር

የሁለቱ ቁጥር አይወዳደርም። በአንዱ ከጀመሩ በዚያው ይቀጥሉ፤ ቢቻል በዚያው ላብራቶሪ።

መቸኮል

በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመርምሮ "አልወረደም" ብሎ መጨነቅ ትርፉ ድካም ነው። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ለታከመ ሰው ክትትሉ በ6ኛውና በ12ኛው ወር ነው። ምልክት ሳያሳይ ተደብቆ ለቆየ ቂጥኝ እስከ 24ኛው ወር ይዘልቃል። ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው ቶሎ ቶሎ ይታያል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ በአግባቡ ታክሞም ቁጥሩ 1:2 ወይም 1:4 ላይ ይቀራል። አዲስ ምልክት ከሌለና ቁጥሩ ካልጨመረ ይህ ብቻውን አልዳኑም አያሰኝም።

ኔጌቲቭ ሲባል መዘናጋት

የመጀመሪያው ቁስል በወጣ ሰሞን ምርመራው ገና ላይዘው ይችላል። ቁስል እያለ ኔጌቲቭ ከተባለ ይደገም። አልፎ አልፎም አንቲቦዲው ከመጠን በላይ ስለሚበዛ ያልቀጠነ ናሙና በስህተት ኔጌቲቭ ይላል። ምልክቱ አፍጥጦ እየታየ ከሆነ ናሙናው ቀጥኖ እንዲታይ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በአንድ ቪዲአርኤል ብቻ መፍረድ

ወባ፣ ቲቢ፣ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት በሽታ)፣ እርግዝናም ጭምር ቪዲአርኤልን በስህተት ፖዘቲቭ ሊያደርጉ ይችላሉ። በትዳር ላይ ከመፍረድ በፊት በሌላው ዓይነት ምርመራ፣ ለምሳሌ በቲፒኤችኤ፣ ይረጋገጥ።

ታማሚዋ ነፍሰ ጡር ስትሆን ግን ማረጋገጫ እየጠበቁ መርፌውን ማዘግየት ፅንሱን ይጎዳል። ፔኒሲሊኑ ከወሊድ ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ መሰጠት አለበት። ባልም ይታከም፤ አለዚያ መልሶ ያስይዛታል። የእናት አንቲቦዲ ወደ ልጅ ስለሚያልፍ አራስ ልጅ ፖዘቲቭ መሆኑ ብቻውን ታሟል አያሰኝም። ሐኪሙ የሕፃኑን ታይተር ከእናቱ ጋር ያስተያያል፤ የእሷ 1:4 ሆኖ የእሱ 1:16 ከሆነ ሕፃኑ መያዙን ያመለክታል። ስለዚህ የቅድመ ወሊድ ክትትል ወረቀቷን ለመውለድ ስትሄድ ይዛ ትሂድ።